የታብላ መቺው ግንባር

ሽሪካንት ስድስት መቶ ዶላር ከመጠየቅ ታብላውን መሸጥ ቀለለው። ይህን የነገረኝ ሐሙስ ዕለት ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ባለው ፋብሪካችን፣ ምሳ ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮዌቭ ፊት ወረፋ ይዘን ቆመን ነው። አነጋገሩ አሮጌ ሶፋ የሚሸጥ ሰው አነጋገር ነበር። "ሰኞ አንድ ሰው መጥቶ ይወስዳቸዋል። የእሁዱ ኮንሰርት የመጨረሻዬ ነው" አለኝ። እኔ ምሳዬን ረሳሁት። ከኋላዬ የቆመችው ሴትዮ ተራህ ነው እያለች ሦስት ጊዜ ነካካችኝ።

ማን ማን እንደሆንን ልናገርና ልቀጥል። እኔ ሰረቀብርሃን እባላለሁ፤ ሰሬ የሚሉኝ ይበዛሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለልብ ሕሙማን የሚሆን ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በማይክሮስኮፕ እያየሁ እገጣጥማለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሽሪካንት ህንድ አገር ፑኔ ከሚባል ከተማ የመጣ ነው። ከጎኔ ተቀምጦ ያንኑ ሽቦ ይገጣጥማል። ታብላ ማለት በጣትና በመዳፍ የሚመታ ጥንድ ከበሮ ነው፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ሆዳም። ሽሪካንት ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ መትቶታል። አሁን ሃምሳ አራት ሞልቶታል።

የተዋወቅነው በጣቱ ነው። ሱፐርቫይዘራችን ዞር ስትል ጠረጴዛውን መምታት ይጀምራል። እኔ አጃቢ ነኝ፤ የምት ነገር አያመልጠኝም። አስራ ስድስት ቆጥሮ ወደ አንድ ይመለሳል። መሃል ላይ የፈለገውን ያህል ቢቀብጥ፣ ቢጠፋ፣ ቢያስደነግጠኝ፣ አንድ ላይ ሲደርስ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን እኔም በጠረጴዛው ጠርዝ የኛን የጭፈራ ምት አስገባሁለት። እሱ ተቀበለኝ፣ እኔ ጨመርኩ፣ እሱ አበደ። ሱፐርቫይዘሯ ከኋላችን ቆማ ነበር፤ ሁለታችንንም በወረቀት አስጠነቀቀችን። ከዚያን ቀን ወዲህ ይኸው ስድስት ዓመታችን፣ ወንድማማች ነን።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። ለእሁድ አፕል ቫሊ ውስጥ ኮንሰርት ተዘጋጅቷል። ከህንድ አንድ ትልቅ ዘፋኝ መጥተዋል፤ ሁሉም "ፓንዲትጂ" ነው የሚላቸው፣ እኛ "የኔታ" እንደምንለው። ለፓንዲትጂ የአውሮፕላን፣ የሆቴል፣ በላዩ አምስት ሺህ ዶላር። አጠገባቸው ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ታብላ ለሚመታላቸው ለሽሪካንት ደግሞ ሁለት መቶ። ለልምምድ ሁለት ቀን ያለ ክፍያ ከሥራ ቀርቷል፤ የታብላውን ቆዳ ለማስቀየር ሦስት መቶ አውጥቷል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ስልኩን አውጥቶ ፖስተሩን አሳየኝ። የፓንዲትጂ ፊት ገጹን ሞልቶታል። ከሥር ሳምቡሳውን የሚያቀርበው ምግብ ቤት ስም አለ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። ከእሱ ሥር በደቃቅ ፊደል "ታብላ፦ ከአካባቢው" ይላል።

"ከአካባቢው የተባልከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሳምቡሳው ስም ሲኖረው አንተ የለህም?"

"ሳምቡሳው ጥሩ ነው" አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ያህል።

ከዚያ ውሳኔውን ነገረኝ። ስድስት መቶ ቢከፍሉት ሙያተኛ ነው፣ ይቀጥላል። ካልከፈሉት ግን ከልጆቹ አፍ እየነጠቀ ከበሮ የሚደበድብ ሰውዬ ነው፣ ይበቃዋል። "ታዲያ ጠይቃቸዋ!" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዶክተር ጎድቦሌ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ የልጁን ጥርስ በቅናሽ ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። ፓንዲትጂ አጠገብ ተቀምጦ መምታት ደግሞ ራሱ ክብር ነው፤ በክብር ላይ ዋጋ ይጠየቃል ወይ? ምን ይሉኛል? ሰዎች ምን ይሉኛል?

ያን ጊዜ ነደደኝ። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ማንኪያዬን እያወዛወዝኩ ሰበክሁለት። አገሬ ውስጥ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባል፣ ደጃዝማች ማለት ምን እንደሆነ፣ ባለመናገሩ ምን ያህል ሰው ሹመቱ እንደቀረበት፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ አብራራሁ። ሱፐርቫይዘሯ ሳትቀር አዳመጠችኝ። ሽሪካንት በትዕግሥት ሰማኝና ምሳ ዕቃውን ከደነ።

"አንተስ ሰሬ? ቅዳሜ ሰርግ ላይ ስንት ነው የሚከፍሉህ?"

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት።

ቲጂ የምትባል ዘፋኝ አለች። ሚኒሶታ ውስጥ እሷ ያልዘፈነችበት ሰርግ ሰርግ አይባልም። ድምፅ አላት፣ አልክድም። አስራ ዘጠኝ ዓመት አጅቤያታለሁ። መዝፈን ስትጀምር አጎቱም፣ አክስቱም፣ ሚዜውም ተነስቶ ግንባሯ ላይ ዶላር ይለጥፍላታል፤ አንዳንዴ ከብዛቱ ዓይኗ አይታይም። እኔ ከኋላዋ ላቤ ጠብ ይላል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የኔ ግንባር ላይ አንዲት ዶላር አርፋ አታውቅም። አንዴ አንድ ሰውዬ ብር እንደያዘ ወደ እኔ ሲመጣ ልቤ ዘለለች፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቀኝ ኖሯል።

ክፍያዬስ? "ከሽልማቱ ይደርስሃል ሰሬዬ" ነው። ሲያልቅ ቲጂ ጠቅልላ ታስጨብጠኛለች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና የኔዋ ቁራሽ ስስ ናት። ፊቷ አልቆጥርም፣ ነውር ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን መቶ ሃምሳ፣ አንድ ቀን ሰማንያ። አንዴማ የፒዛ ኩፖን አብሮ ተጠቅልሎ አግኝቻለሁ። ስንት ነው የምትከፍይኝ ብዬ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ይህንን ለሽሪካንት ነገርኩት። ከሳቁ የተነሳ ወንበሩን ያዘ። "እሺ፣ ደጃዝማች" አለኝ። "ስምምነት እንግባ። እኔ እሁድ ጎድቦሌን እጠይቃለሁ። እኔ ከጠየቅኩ አንተም በዚያው ቀን ቲጂን ትጠይቃለህ።"

እንደማይጠይቅ እርግጠኛ ስለነበርኩ እጁን ጨበጥኩት።

እሁድ ከልጄ ከሩት ጋር ሄድን፤ ስምምነታችንን ነግሬያታለሁ። ሩት አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መንዳት እየተለማመደች ነው፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እጸልያለሁ። በአማርኛ አናግራታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ሁለታችንም ለምደነዋል። ሲዳር አቬኑን ይዘን ወንዙን ስንሻገር "ዊል ዘር ቢ ፉድ?" አለችኝ።

"ስም ያለው ሳምቡሳ አለ" አልኳት።

የተከራዩት አዳራሽ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል፣ ሞልቷል። ሴቶቹ ሐር በሐር ናቸው። መድረኩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ፓንዲትጂ መሃል ተቀምጠዋል፣ ሽሪካንት በግራቸው፤ ከኋላ ደግሞ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ታንፑራ የሚባለውን ረጅም ባለ አራት ክር መሣሪያ አቅፋ ሳታቋርጥ ትነካካለች። ዶክተር ጎድቦሌ ማይክ ይዘው አመሰገኑ። ፓንዲትጂን አመሰገኑ፣ አዳራሹን አመሰገኑ፣ ሳምቡሳውን አመሰገኑ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የቆመውን ጥበቃ አመሰገኑ። ሽሪካንት እንዳያልበው እጁ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሶ ያሻሻል። ስሙን የጠራ የለም። እኔ ወንበሬ ላይ እንደ ቡና ጀበና ልገነፍል ደረስኩ፤ ሩት ክንዴን ጨመቀችኝ።

ፓንዲትጂ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዲት ድምፅ ይዘው ሃያ ደቂቃ ዞሩባት። ሩት ስልኳን አወጣች። ከዚያ ታብላው ገባ። ሩት ስልኳን መለሰች።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ጠረጴዛ ነበር። ያ የሆዳሙ ከበሮ ድምፅ ሲጎተት ሆድ ውስጥ ገብቶ ይንከባለላል፤ ትንሹ ደግሞ እንደ በቆሎ ይፈነዳል። ፓንዲትጂ ሲያዘግሙ ሽሪካንት ይጠብቃቸዋል፤ ሲወጡ ከሥር ይደግፋቸዋል፤ ሲደክሙ፣ ማንም ሳያውቅባቸው፣ ይሸከማቸዋል። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ። አጃቢን የሚያየው አጃቢ ነው። የመሸከሙ ዋጋ ሁለት መቶ ዶላር እንደሆነ ሳስበው እንባዬ መጣ።

በሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ ፓንዲትጂ ዝም ብለው በእጃቸው እየቆጠሩ ለሽሪካንት ለቀቁለት። ሽሪካንት ጀመረ። እኔም ጉልበቴ ላይ ቆጠርኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሄደ። ዘጠኝ፣ አስር፣ ጠፋ። አስራ ሦስት ላይ በቃ፣ አይመለስም፣ አበቃለት አልኩ። አስራ አራት። አስራ አምስት። ትንፋሼን ያዝኩ። አስራ ስድስት፣ እና አንድ ላይ ቁጭ!

አዳራሹ በአድናቆት ራሱን ወዘወዘ። ራሳቸውን ወዘወዙ፣ በቃ። ይሄው ነው! እኛ ጋ ሰው እንዲህ አድርጎ አንጀትህን ሲበላው ቁጭ ብሎ ራስን መወዝወዝ ነውር ነው። የት እንዳለሁ ረሳሁ። እጄ ኪሴ ገባ፣ የቤንዚን ሃያ ዶላር አገኘ፣ እግሬ ተነሳ።

"ዳድ" አለች ሩት። "ዳድ፣ ኖ። ሲት ዳውን። ዳድ!" ኮቴን ያዘች። ኮቱን ትቼላት ሄድኩ።

መድረኩ ሦስት ደረጃ አለው። ትከሻዬን እየሰበቅሁ ወጣሁ። ምንጣፉ ላይ በጫማ እንደማይወጣ የገባኝ ጫማዬ የፓንዲትጂን የመጠጥ ውኃ ማሰሮ ሲመታ ነው፤ አልተደፋም፣ ተመስገን። ሽሪካንት ዓይኑን ጨፍኖ በላብ ተጠምቋል። ሃያ ዶላሬን ዘርግቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍሁለት። ጥብቅ አለች። ዓይኑን ከፈተ። ሁለት እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ሊያነሳት አይችልም፤ በአፉ ሽቅብ እፍ አለባት፣ ብድግ ብላ ተመልሳ ተለጠፈች። ምቱን ግን አላሳተም።

ዞር ስል ሦስት መቶ ሰው አፉን ከፍቷል። ጉድ ፈላ! የሚጨፍር የለም፣ እልል የሚል የለም። የቆምኩት ብቻዬን ነው። ዶክተር ጎድቦሌ በመድረኩ ጫፍ ማይክራፎን እንደ ዱላ ይዘው እየመጡ ነው። ሩት ኮቴን ፊቷ ላይ አድርጋ ተደብቃለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፤ ወንድሜን በመጨረሻ ቀኑ አዋረድኩት አልኩ።

ያኔ ከፊት ወንበር ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጭ ሳሪ የለበሱ እናት በምርኩዝ ተነሱ። በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያሉትን በኋላ ሽሪካንት ነግሮኛል፦ "ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው እንዴ እናት ያሳደገችው?" ለካ እነሱም አገር ሰርግ ላይ ገንዘብ በሰው ራስ ላይ አዙሮ መስጠት አለ፤ በእንዲህ ያለው የጨዋ ኮንሰርት ላይ ነው የማይደረገው። እማማ ደረጃውን ወጡ። አንዲት አስር ዶላር በሽሪካንት ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አዞሩና፣ ከእኔ ዓይተው፣ ከሃያዬ አጠገብ ለጠፉት። ወደ እኔ ዞረው "እንዲህ ነው?" በሚል ዓይን አዩኝ። "እንዲህ ነው እማማ!" አልኳቸው በአማርኛ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ሐሩ ሁሉ ተነሳ። አክስቶች፣ መሐንዲሶች፣ ከጥበቃው ጋር የቆሙት ሳይቀሩ ተሰለፉ። ግንባሩ ሲሞላ ጉንጩ ላይ፣ ጉንጩ ሲሞላ አንገትጌው ውስጥ። ሽሪካንት እየሳቀ፣ እያለቀሰ፣ ምቱን እያበዛው ሄደ። እኔ እልል አልኩ፤ ወንድ እልል አይልም የሚል ይበለኝ። ፓንዲትጂ መሃል ተቀምጠው በእጃቸው መቁጠራቸውን አላቆሙም፤ አንድ ጊዜ ግን የራሳቸውን ባዶ ግንባር በጣታቸው ዳሰስ ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ።

ኮንሰርቱ አለቀ። ከመድረኩ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ቆጠርነው፤ ሰባት መቶ አርባ ሦስት ዶላር። እኔ ከደስታ የተነሳ ሳምቡሳ በሁለት እጄ ይዤ እበላለሁ። ዶክተር ጎድቦሌ ገቡ፣ ብሩን አዩ፣ ፊታቸው በራ።

"ድንቅ ነው!" አሉ። "እንግዲያው የኛ ሁለት መቶ ለአዳራሹ ኪራይ ይውላል። አንተም ተጠቀምክ፣ ማኅበሩም ተጠቀመ።"

ሳምቡሳውን አስቀመጥኩ። ይህቺን ነገር አውቃታለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቻታለሁ፤ "ከሽልማቱ ይደርስሃል ሰሬዬ።" የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለችው ሆንኩ። ለወንድሜ ሽልማት ሰጠሁ ብዬ ደመወዙን በገዛ እጄ ሰርዤበታለሁ። አፈርኩ። ልናገር አፌን ስከፍት ሽሪካንት በእጁ አስቆመኝ።

ከፊቱ ላይ የቀረችውን አንድ ዶላር ላጠ። ብሩን ለሁለት ከፈለው። ግማሹን አንስቶ፣ ጥግ ላይ መሣሪያዋን ለምትከድነው የታንፑራ ተማሪ ሰጣት። ልጅቷ ለእሷ እንደሆነ አልገባትም፤ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ከዚያ ሽሪካንት ወደ ሐኪሙ ዞረ።

"ዶክተር" አለ። "ይሄ ከሰዎቹ የመጣ ነው። የእርስዎ የታለ?"

"የእኔ?"

"ስድስት መቶ ዶላር። በቼክ። ከሽልማቱ ውጭ።"

ዶክተር ጎድቦሌ ለመሳቅ ሞከሩ። እሳቸውም በነፃ እንደሚያገለግሉ፣ ባህል በገንዘብ እንደማይለካ፣ የጥርሱንም ነገር ጠቆም አድርገው፣ ተናገሩ። ሽሪካንት አንገቱን ደፋ። አለቀልን አልኩ። ግን የስድስት መቶውን ጥያቄ አልተወም፤ አንገቱን እንደደፋ ቆሞ ጠበቀ። ሐኪሙ መውጫ ሲያጡ ሙቅ ውኃ በማር ወደሚጠጡት ወደ ፓንዲትጂ ዞሩ። "ፓንዲትጂ፣ እርስዎ ይምከሩት እንጂ!"

ፓንዲትጂ ውኃቸውን ፉት አሉ። "እኔ አምስት ሺህ ጠየቅኩ፤ አምስት ሺህ ተከፈለኝ" አሉ። "እሱ ዛሬ ጠየቀ። ምኑን ልምከረው?" ውኃቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

ሐኪሙ የቼክ ደብተራቸውን አወጡ። ኪሳቸውን ዳበሱ፣ እስኪርብቶ የለም። በሩ ላይ ኮቴን ታቅፋ የቆመችው ልጄ ከጆሮዋ ኋላ ሰማያዊ እስኪርብቶ ነቅላ አቀበለቻቸው። "ኢትስ ኤስ ኤች አር አይ..." እያለች ስሙን ፊደል በፊደል አስቆጠረቻቸው። ሽሪካንት ቼኩን ተቀብሎ አየው። ገንዘቡን አልነበረም የሚያየው፤ ስሙን ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ ገና ፀሐይ ነበር። ሽሪካንት ታብላዎቹን በራሱ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ የደህንነት ቀበቶ አሰረላቸው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ፣ ሰኞ ሊገዛው ለነበረው ሰው ሁለት ቃል ጻፈ፦ አይሸጥም፣ ይቅርታ። እኔ አቀፍሁት፣ አነሳሁት፣ ዞርኩ፤ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

"ተራህ ነው" አለኝ ከአየር ላይ።

አወረድኩት። እሁድ እንደሆነ አስታወስኩት። ቲጂ እሁድ እንደምትደክም፣ ሰውን በዕረፍት ቀኑ ስለ ገንዘብ ማስቸገር ደግሞ ጨዋነት እንዳልሆነ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የተሻለ መሆኑን አስረዳሁት። ይህን እያስረዳሁ ሳለ ከመኪናዬ ውስጥ የስልክ ጥሪ ድምፅ ሰማሁ። ሩት ስልኬን ከኮቴ ኪስ አውጥታ ደውላለች፣ በመኪናው ስፒከር።

"ሄሎ ሰሬዬ! ምነው በሰላም?" አለች ቲጂ፣ ፓርኪንጉ ሁሉ እስኪሰማ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። "ሰላም ነው ቲጂ። ስለ ቅዳሜው ሰርግ..."

"እንዳትቀርብኝ! ሙሽሮቹ ዲፖዚት ከፍለዋል፣ ካንሰል ማድረግ የለም!"

"አልቀርም። እ... አየሩ እንዴት ነው እናንተ ጋ?"

የምትኖረው ከዚህ በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ነው። ሩት ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ያን ጊዜ ከላዬ አንድ ድምፅ መጣ። ሽሪካንት የመኪናዬን ጣሪያ በጣቱ እየመታ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ገባኝ። ይቆጥርልኛል። አንድ ላይ ስንደርስ ቁጭ ማለት አለብኝ። ሰባት፣ ስምንት። አስራ ሁለት። ቲጂ "ሄሎ? ይሄ የምሰማው ድምፅ የምንድነው?" ትላለች። አስራ አምስት። አስራ ስድስት።

"አምስት መቶ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑ?"

"የኔ። የቅዳሜ። ከሽልማቱ ውጭ።"

ሽሪካንት እጁን ጣሪያው ላይ እንዳነሳ ቀረ።

"እሺ" አለች ቲጂ። "ሌላስ?"

ሌላ አላዘጋጀሁም ነበር። ሩት በሹክሹክታ "ዩር ኔም!" አለችኝ። "ስሜ" አልኩ። "ፖስተርሽ ላይ። ሙሉውን፣ ሰረቀብርሃን ተብሎ።"

"እሺ። ምነው ሰሬ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትጠብቅ ነበር? እኔ'ኮ አንተን ገንዘብ የማትፈልግ፣ ለፍቅር ብቻ የምትጫወት ሰው አድርጌህ ነው የኖርኩት። ቤዝ ጊታር ለሚጫወተው ልጅ አራት መቶ እየከፈልኩት!" ቻው ብላ ዘጋችው።

ለቤዝ ጊታሩ ልጅ አራት መቶ! አገጬን ይዤ ተቀመጥኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የፈራሁት ነገር "እሺ" ነበር። ልናደድ ፈለግሁ፣ አቃተኝ፤ ሳቁ ከሆዴ ተነስቶ ወጣ። ሩትም ሳቀች፣ ሽሪካንትም በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ሳቀ።

"እሺ እስክትል ስንት ሰከንድ ፈጀባት?" አለኝ።

"ሁለት።"

"ስድስት መቶ ማለት ነበረብህ፣ ደጃዝማች።"

ከዚያ ኪሱ ገባ። ሃያዋን አወጣት፣ የራሴኑ፤ ጥጓ በመቀደዷ አወቅኋት። ጣቱን በምላሱ አርሶ ጀርባዋን አራሳት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባኝ ሳቄ ቆመ። በመስኮቱ እጁን ሰዶ ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ፣ በመዳፉም ጫን አድርጎ እስክትይዝ ጠበቀ።

ሲዳር አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ሩት ከጎናችን ያለውን መኪና አየችና ተሸማቀቀች። "ዳድ፣ ፒፕል አር ሉኪንግ። ቴክ ኢት ኦፍ።"

"ይዩኝ" አልኳት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እንዳትወድቅ።